የጊታር መለማመጃ አምፕሊፋየር

የጊታር መለማመጃ አምፕሊፋየር (በአጭሩ መለማመጃ አምፕ) ማለት ኤሌክትሪክ ጊታርን በቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚያገለግል አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ነው። ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 20 ዋት ሲሆን ትንሽ ስፒከርና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው። ስፒከር የሌለውና በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ይባላል፤ ኪስ ውስጥ የሚገባም አለ። ዋና ጥቅሙ ጎረቤትን ሳይረብሹ በማንኛውም ሰዓት ለመለማመድ ማስቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ በቀጥታ ወደ ጆሮ ስለሚገባ፣ ያለ ጥንቃቄ ከተጠቀሙበት የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል።

ታሪክ

በባትሪ ከሚሠሩት ቀደምት አምፖች መካከል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ፒግኖዝ ይጠቀሳል። ኃይሉ 5 ዋት ሲሆን በ6 ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራል።

ቦስተን የተባለው የሮክ ባንድ መሥራችና ጊታር ተጫዋች ቶም ሾልዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ሮክማን የተባለውን የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ለገበያ አቀረበ። ሾልዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረና በፖላሮይድ ኩባንያ የሠራ መሐንዲስ ነበር። ሮክማን የተሠራው ለግል ልምምድ ቢሆንም ድምፁ ስለተወደደ ወደ ስቱዲዮም ገብቷል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ፖድ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ የታወቁ አምፖችን ድምፅ በዲጂታል ስሌት አስመስሎ ያወጣል። ዛሬ ብዙዎቹ መለማመጃ አምፖች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራር

በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር ፒክአፕ የሚባል፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት አለ። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሲግናል ይፈጠራል። አምፑ ይህን ሲግናል አጎልብቶ ወደ ስፒከር ወይም ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይልከዋል። የጊታር አምፕ መግቢያ ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ያህል የመግቢያ ተቃውሞ (ኢምፔዳንስ) አለው። ጊታሩ ይህ ተቃውሞ ዝቅተኛ ወደሆነ መሣሪያ በቀጥታ ሲሰካ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋና የታፈነ ድምፅ ይሰማል።

የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል። የጆሮ ማዳመጫ ግን እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያሰማል። ስለዚህ ዲስቶርሽን የተጨመረበት ጊታር ያለ ማጣሪያ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ የሚሻክርና እንደ ንብ የሚጮኽ ይሆናል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ የስፒከሩንና የሣጥኑን ባሕርይ የሚያስመስል ማጣሪያ አለው። አንድ አምፕ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድምፁ ካላማረ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዚህ ማጣሪያ አለመኖር እንጂ የጊታሩ ጥራት አይደለም።

ኃይልና የድምፅ መጠን

የዋት ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በመሆኑም ስፒከራቸው ተመሳሳይ ከሆነ፣ የ1 ዋት አምፕ ከ10 ዋት አምፕ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ግድግዳ በሚጋሩ እንደ ኮንዶሚኒየም ባሉ ቤቶች ይህም ቢሆን ለጎረቤት ሊበዛ ስለሚችል የጆሮ ማዳመጫ ተመራጭ ይሆናል።

የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ

ለልምምድ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ይመረጣል። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሙዚቃ ለማድመጥ ችግር ባይፈጥርም፣ ክሩን መትቶ ድምፁን ዘግይቶ የሚሰማ ተጫዋች ምቱን መጠበቅ አይችልም። በአንጻሩ በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ዲጂታል መሣሪያ 128 ናሙና አጠራቅሞ ቢያሰላ፣ ይህ የሚያስከትለው መዘግየት 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ብሉቱዝ ያላቸው አምፖች በብሉቱዙ የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ የሚመጣን ማጀቢያ ሙዚቃ ነው።

250 ኦም የሆነ የጆሮ ማዳመጫ በኪስ አምፕ ላይ ድምፁ ሊያንስ ይችላል፤ ለእነዚህ አምፖች 32 ኦም አካባቢ ያለው ይስማማል። የአምፖች መሰኪያ 6.35 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አንዳንዴ መቀየሪያ ጃክ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

የመስማት ጤና፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ80 ዴሲቤል በ40 ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል። መጠኑ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ89 ዴሲቤል በሳምንት 5 ሰዓት፣ በ95 ዴሲቤል ደግሞ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጆሮ ከፍተኛ ድምፅን እየለመደ ስለሚሄድ ተጫዋቹ ሳያውቀው ቮሊዩሙን ይጨምራል። ስለዚህ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጎ ጃኩን መሰካት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መጨመርና በየመሀሉ ጆሮን ማሳረፍ ይጠቅማል። ከልምምድ በኋላ ጆሮ ላይ የሚቀር ጭርታ ድምፁ ከመጠን በላይ እንደነበር ምልክት ነው።

የስፒከር መውጫ፦ የጆሮ ማዳመጫን ለስፒከር በተዘጋጀ መውጫ ላይ መሰካት ማዳመጫውን ሊያቃጥል፣ ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። የቫልቭ አምፕ ደግሞ በአምራቹ ካልተፈቀደ በቀር ስፒከሩ ተነቅሎ መሥራት የለበትም፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሊበላሽ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መስመር፦ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ አምፕ ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ያስፈልጋል። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለአምፑ ኃይል የሚበቃ የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ካልተደረገለት ሊቃጠል ይችላል። በባትሪ የሚሠሩት አምፖች ይህ ሥጋት የለባቸውም፤ መብራት ሲጠፋም ልምምድ አያቋርጡም።

ውስንነት

በጆሮ ማዳመጫ ትንሹ ስሕተት ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህ ለእጅ ቴክኒክ ልምምድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከከበሮና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ድምፅን ማመጣጠን በዚህ መንገድ አይለመድም። ከባንድ ጋር ለመጫወት የሚዘጋጅ ሰው አልፎ አልፎ በስፒከር መለማመድ ይኖርበታል።