የእናት ስም ባይጻፍ ኖሮ

የማኅበራችንን አሮጌ የአባላት መዝገብ ወደ አዲሱ ስንገለብጥ አንድ ችግር ገጠመን። ከመሥራች እናቶቻችን ብዙዎቹ የተጻፉት «የአቶ እገሌ ባለቤት» ወይም «የእገሌ እናት» ተብለው ነው። ባልየው ካረፈ፣ ልጁም ከሰፈሩ ከለቀቀ በኋላ እናትየዋ ማን እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አንዳንዶቹን በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን አስታውሰው ነገሩን። ሌሎቹን ግን እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም።

ከዚህ በኋላ ነው «ሌላው ሕዝብ የተበተነ ዘሩን በምን ይፈልጋል?» ብለን ወደ ታሪክ የዞርነው። ካነበብነው ሁሉ የአንዲት ትንሽ የኢጣልያ መንደር ታሪክ ከልባችን ስለገባ፣ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንደሯ ሮዜቶ ቫልፎርቶሬ ትባላለች። በደቡብ ኢጣልያ፣ በፑልያ ክፍለ ሀገር፣ በፎጃ አውራጃ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ሕዝቧ በእርሻና በድንጋይ ካባ ሥራ የሚኖር ድኻ ነበር። በ1882 ከዚህች መንደር 11 ሰዎች ተነሥተው ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። በፔንስልቬንያ፣ ባንጎር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ለቤት ጣሪያና ለትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ ሥራ አገኙ። እነርሱ ወንድሞቻቸውን ጠሩ፤ ወንድሞች ጎረቤቶችን ጠሩ። ቤት ሠርተው፣ ቤተ ክርስቲያን አቁመው፣ አዲሱን ሰፈር በአገራቸው ስም ሮዜቶ አሉት። በ1912 ሮዜቶ የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ ሆነ። የእነርሱ ጉዞ የትልቁ ፍልሰት አንድ ቅንጣት ነው። ከ1880 እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኢጣልያውያን ወደ አሜሪካ ገብተዋል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወንዱ ነበር። ሚስት ከልጆቿና ከአማቶቿ ጋር ትቀራለች፤ እርሻውንም ዕዳውንም ትይዛለች። እንዲህ ያሉትን ሴቶች ኢጣልያውያን «ነጭ መበለቶች» ይሏቸው ነበር፤ ባሏ በሕይወት እያለ እንደ መበለት የምትኖር ማለት ነው። የዚያ ዘመን የልደት መዝገቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። የልጅ መወለድን ለማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቅ ግዴታ የአባት ነበር። አባት በሌለበት ግን አዋላጇ ሕፃኑን ይዛ ትሄዳለች፤ ጸሐፊውም አባት በባሕር ማዶ እንዳለ ጠቅሶ የአዋላጇን ስም ያሰፍራል።

በአዲሱ ሮዜቶም ሴቶቹ አልተቀመጡም። ወንዶቹ ካባ ሲወርዱ እነርሱ የሴት ሸሚዝ በሚሰፋባቸው ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር። የከተማው ሰው ለታመመ የሚደርስበት፣ ለሞተ የሚቀብርበት መረዳጃ ማኅበርም ነበረው። እኛ እድር የምንለውን እነርሱ «ሶቺየታ ዲ ሙቱዎ ሶኮርሶ» ይሉታል፤ ትርጉሙም የመረዳጃ ማኅበር ነው። በ1960ዎቹ ዶክተር ስቱዋርት ዎልፍና የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪው ጆን ብሩን የከተማዋን ጤና ሲያጠኑ፣ በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ከአጎራባች ከተሞች እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ሰዎቹ በስብ ያበስላሉ፣ ያጨሳሉ፣ ሥራቸውም ከባድ ነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በአብሮነታቸው ነው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፣ ችግረኛ አይጣልም። ልጆቹ እየተለያዩ መኖር ሲጀምሩ ልዩነቱም ጠፋ። ይህንንም በ1992 የታተመ የ50 ዓመት ንጽጽር አረጋግጧል።

ዘር ፍለጋውም የሚጀምረው ከዚህ መለያየት በኋላ ነው። አሜሪካ የተወለደው የልጅ ልጅ ቋንቋውን አያውቅም፤ በእጁ ያለው አንድ ፎቶግራፍና አንድ ስም ነው። ያ ስምም በሠፈር አነጋገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው «ስማችንን የለወጡት የኤሊስ ደሴት ሹሞች ናቸው» ይላል። ይሁን እንጂ በ1892 የተከፈተው የኤሊስ ደሴት ጽሕፈት ቤት የሚሠራው መርከቡ በተነሣበት ወደብ ተጽፎ በመጣ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነበር። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የለወጡት ራሳቸው ስደተኞቹ፣ አሠሪዎቻቸውና የልጆቻቸው አስተማሪዎች ናቸው።

ከ1907 በኋላ የተሳፋሪዎች ዝርዝር «በአገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድህ ማን ነው? የት ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ዓምድ ውስጥ የሚስት ወይም የእናት ስም የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ፈላጊው የመንደሩን ስም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

መንደሩ ሲገኝ ሌላ እንቅፋት ይመጣል። በደቡብ ኢጣልያ ልማድ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በአባቷ እናት፣ ሁለተኞቹ ደግሞ በእናት ወላጆች ስም ይጠሩ ነበር። አያትየው አምስት ወንዶች ልጆች ካሉት፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ በመጠሪያም በቤተሰብ ስምም አንድ የሆኑ አምስት የአጎት ልጆች ይገኛሉ ማለት ነው። ዕድሜያቸውም ይቀራረባል። ታዲያ የእኔ አያት የትኛው ነው?

መልሱ ያለው በእናት ስም ነው። በቀድሞው የኔፕልስ መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በ1809 ተጀመረ፤ አንድ የሆነችው ኢጣልያም በ1866 ይህንኑ ሥርዓት ለመላው አገሪቱ ዘረጋችው። በእነዚህ መዝገቦች ሴት ብታገባም፣ ብትወልድም፣ ብትሞትም የምትጻፈው ከአባቷ ቤት ይዛው በመጣችው ስም ነው። በመርከብ ዝርዝር ውስጥም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በባሏ ስም የሚፈልጋት የልጅ ልጅ ሳያገኛት የሚቀረው ለዚህ ነው። አምስቱን የአጎት ልጆች የቤተሰብ ስማቸውና አያታቸው አይለዩአቸውም። እናቶቻቸው ግን ይለዩአቸዋል።

ጋብቻ ሲፈጸምም የሙሽሮቹ የልደት ማስረጃ፣ ወላጅ የሞተ ከሆነም የሞት ማስረጃው ከውሉ ጋር ይያያዝ ነበር። አንድ የጋብቻ ሰነድ ያገኘ ሰው በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ የኢጣልያ ቤተ መዛግብት ብዙዎቹን መዝገቦች «አንቴናቲ» በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት በነፃ አቅርበዋል፤ ቃሉ ቅድመ አያቶች ማለት ነው።

የእናት ስም ባልተጻፈበት ግን መንገዱ ይዘጋል። በኔፕልስ ከተማ አኑንዝያታ በሚባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ግድግዳ ላይ የሚሽከረከር ሳጥን ነበረ። ማሳደግ ያልቻለች እናት ልጇን ማታ እዚያ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ በውስጥ ያሉት አዙረው ይቀበሉታል። ሳጥኑ እስከ 1875 ድረስ አገልግሏል። እንዲህ ለተገኙ ልጆች «ኤስፖዚቶ» የሚል ስም ይሰጥ ነበር፤ በውጭ የተተወ ማለት ነው። ዛሬ ይህን ስም የያዙ ብዙ ቤተሰቦች ፍለጋቸው እዚያ ግድግዳ ሥር ይቆማል።

መጻፉ ብቻውን ሁሉን አልፈታም። የእናት ስም በመዝገብ ላይ ቢኖርም በሕግ ፊት ክብደት አልነበረውም። ኢጣልያዊት እናት ዜግነቷን ለልጇ ማስተላለፍ የቻለችው ጥር 1 ቀን 1948 ሥራ ላይ ከዋለው ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከኢጣልያዊት እናትና ከውጭ ዜጋ አባት የተወለዱ ሰዎች ልጆች መብታቸውን በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ኖረዋል። ለፍርድ ቤት ያቀረቡትም ያንኑ የመንደር ጸሐፊ የጻፈውን የእናት ስም ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በዘር የሚገኘውን ዜግነት በአብዛኛው በወላጅና በአያት ወስኖታል።

እኛም እንደ ኢጣልያውያኑ ስናገባ ስማችንን አንለውጥም። ይሁንና በውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን በየቢሮው «የቤተሰብ ስም» ሲጠየቁ የአባታቸውን ስም ይሰጣሉ፤ እናት፣ አባትና ልጅ በሦስት የተለያየ ስም ይመዘገባሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር የልጅ ልጅ ቅድመ አያቱን ቢፈልግ ምን ይዞ ይነሣል?

ስለዚህ በአዲሱ መዝገባችን እያንዳንዷ አባል በራሷ ስም፣ በአባቷና በአያቷ ስም፣ ከዚያም በእናቷና በእናቷ አባት ስም፣ ከተወለደችበት ቀበሌ ጋር ትጻፋለች። «የእገሌ ባለቤት» የሚለው ዓምድ ቀርቷል። በአሮጌው መዝገብ ላይ ስማቸው ያልተገኘ እናቶቻችንን ደግሞ በስብሰባችን ቀን ገጹን ከፍተን እናነባቸዋለን፤ ያወቃችኋቸው ንገሩን፤ የቆዩ ፎቶግራፎችንም ከነጀርባ ጽሑፋቸው አምጡልን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን ገና በመካከላችን እያሉ እንጻፈው።