የዘመድ ድርሻ

መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ከባዶ ተነስቶ ያቆመው ሱቅ ነው። ሲደላደል አራት ዘመድ አስገባበት፤ የወንድሙን ልጅ፣ የሚስቱን ወንድም፣ ከአገር ቤት የመጡ ሁለት የአክስቱን ልጆች። ደመወዝ ይከፍላቸዋል። እነሱ ግን መሳቢያውን ከፍተው ሲወስዱ አይጠይቁትም። አንድ ቀን የወንድሙን ልጅ “ይሄ ምንድን ነው?” ቢለው፣ “እንዴ ጋሼ፣ የራሳችን ቤት አይደል?” አለው። ሌባ ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር። የወንድም ልጅን ምን ይበሉታል? “የአባቴ ቤት ሲዘረፍ አብሬ ልዝረፍ” የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መቼም ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የኛ ብቻ መከራ ይመስለኝ ነበር። ጃፓኖቹ ግን ከ300 ዓመት በፊት ሕግ አውጥተውለታል።

የሚትሱይ ቤት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በዘመድ ነው። ሚትሱይ ታካቶሺ ገና በልጅነቱ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ታላቅ ወንድሙ ሱቅ ገብቶ ሠራ። ጎበዝ ወጣው። ጉብዝናው ያሰጋው ወንድም “እናታችንን ጡር” ብሎ ወደ ትውልድ ከተማቸው ማትሱዛካ መለሰው። ታካቶሺ ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። ኤዶ ላይ ኤቺጎያ የተባለውን የጨርቅ መደብር የከፈተው በ1673 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ ነው፤ ወንድሙም የሞተው በዚያው ዓመት ነበር። ሌላው ነጋዴ በየቤቱ እየዞረ በዱቤ ሲሸጥ፣ እሱ በጥሬ ገንዘብና በቁርጥ ዋጋ ሸጠና ገበያውን ገለበጠው።

በ1694 ሲሞት ሀብቱ እንዳይበተን ተናዞ ነበር። የበኩር ልጁ ታካሂራ በ1722 ኑዛዜውን አጠናክሮ ጻፈው። ሀብቱ 220 ድርሻ ሆነ፤ 62ቱ ለበኩሩ ቤት፣ ሌላው ለቀሪዎቹ ቤቶች። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ድርሻህ ትርፍ ይሰጥሃል እንጂ “ካፒታሌን አውጡልኝ” አያሰኝህም። ካፒታሉ በጋራ ጽሕፈት ቤት ይያዛል። የዕለት ሥራውን የሚመሩት ቅጥር ሰዎች ናቸው። የቤቱ ልጅ ደግሞ በ12፣ በ13 ዓመቱ ሱቅ ገብቶ እንደ ማንም ተላላኪ ልጅ ይማራል። ዝምድናህ ትርፍ ያስገኝልሃል፣ ወንበር ግን አያስገኝልህም ማለት ነው።

የታካሂራ ልጅ ታካፉሳ አባቱ የነገሩትን ይዞ፣ የወደቁ 50 ያህል የኪዮቶ ነጋዴ ቤቶችን ታሪክ ጽፏል። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ስለነበርኩ ይሆናል፣ ለእኔ ይህ የንግድ መጽሐፍ አይመስለኝም፤ ትራጄዲ ነው። እርግጥ ብዙዎቹን የጣላቸው ለመሳፍንት አበድረውት ሳይመለስ የቀረ ገንዘብ ነው። ግን ደግሞ አያት ያፈራውን፣ ገንዘብ አብሮት የተወለደ የመሰለው የልጅ ልጅ በጨዋታና በጌጥ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ሚትሱዮቹ ተረፉ? በ1774 በዕዳና በእርስ በርስ ጭቅጭቅ የተነሳ ያን ሁሉ ኑዛዜ ጥሰው ንብረቱን ለሦስት ከፈሉት። መልሰው ያዋሃዱት በ1797 ነው። ከተገነጣጠሉ 23 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለመታረቅ አንድ ትውልድ ፈጀባቸው።

ይህን ሁሉ ለመርካቶው ወዳጄ አወራሁለት። 220ውን ድርሻ ከልቡ አዳመጠ፤ ወረቀት አውጥቶ መደመርም ጀምሮ ነበር። ተላላኪው ልጅ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“የወንድሜን ልጅ ወለል ጥረግ ብለው ወንድሜ ቀብሬ ላይ አይቆምም” አለኝ።