እንቅርት፣ ጨውና የክፍል ትምህርት፦ ከዳባት ወረዳ የተነሣ ጥያቄ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ የሚሠራው በዳባት ወረዳ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በወረዳው ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ተማሪዎች ከ10 ወደ 3 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተማሪዎች 5 በመቶው እንቅርት ካለባቸው ነገሩን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ይለዋል።

በወረዳው ያለው ተዳፋት እርሻ በየክረምቱ ይታጠባል። አዮዲን ከአፈሩ ጋር ይሄዳል፤ በዚያ የሚበቅለው ገብስና ባቄላም አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርትም በዋናነት የሚመጣው ከዚህ እጥረት ነው። ያበጠ አንገት የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። በእርግዝና ጊዜ እጥረቱ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል፤ ተማሪውንም ትምህርት እንዳይገባው ያደርጋል።

መድኃኒቱ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። ከኤርትራ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ከዚያ ይመጣ የነበረው ጨው ሲቋረጥ አገሪቱ ፊቷን በአፋር ወደሚመረተው የአፍዴራ ጨው አዞረች፤ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ደንቡ ማድቤት አይገባም። ጆንያው ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ከዋለ፣ ጨው ከታጠበ ወይም ድስቱ ገና ሲጣድ ከተጨመረ አዮዲኑ ይቀንሳል። ከሽሮና ከበርበሬ ጋር ተፈጭቶ ለወራት የሚቀመጠውማ ብዙም አይታሰብም።

«አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ» የሚለው ትምህርት በክፍል የሚሰጠው ለልጅ ነው። ልጁ ገዢ አይደለም፤ ገዢዋ እናቱም ብትሆን በዓይንና በምላስ አትለየውም። እኔ ከዚህ ትምህርት የጎደለው ፍተሻ ነው እላለሁ። የጠብታ መመርመሪያ አለ፤ አዮዲን ያለበት ጨው ጠብታው ሲነካው ወደ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ይለወጣል። መጠኑን በትክክል አይለካም፤ መኖር አለመኖሩን ግን ያሳያል። ተማሪዎች ከየቤታቸው አንድ አንድ ማንኪያ ይዘው ቢመጡ፣ ልጆቹ ራሳቸው ጠብታውን ቢጨምሩ ትምህርቱ ከደብተር ይወጣል። ውጤቱ ግን በልጁ ስም ሳይሆን ጨው በተገዛበት ሱቅ ስም መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ድሃው ልጅ በእንቅርቱ ላይ ኀፍረት ይጨመርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገቡን ተቀብለው ስለ አቀማመጥና አጨማመር እናቶችን ማነጋገር ይችላሉ። የአንድ ክፍል ጨው በሙሉ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን እናቶችን መምከር ከንቱ ነው፤ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጅምላ ሻጩን ይጠይቅ።