አባ ሰንጋን ሳይከፍቱ የማወቅ ታሪክ

የከብት በሽታ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መድኃኒቱ ነው። እኛ ግን በዚች አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው ከመድኃኒቱ በፊት ያለውን ነገር፥ ይኸውም በሽታውን ለይቶ ማወቅን ነው። ለዚህም የመረጥነው በአገራችን አባ ሰንጋ፥ በውጭ አገር ደግሞ አንትራክስ የሚባለውን በሽታ ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ሌላውን በሽታ ለማወቅ የሞተውን ከብት ከፍቶ መመርመር ሲጠቅም፥ በአባ ሰንጋ ግን በድኑን መክፈት ራሱ በሽታውን መዝራት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን ይህ በሽታ የሚታወቀው በምልክቱ ብቻ ነበር። ማታ ደኅና ሆኖ የገባ በሬ ጧት ሞቶ ይገኛል፤ ከአፉና ከአፍንጫው ጥቍር ደም ይፈሳል፥ ደሙም አይረጋም። በድኑን የከፈተ ሰው ደግሞ ጣፊያው ከመጠን በላይ አብጦና ጠቍሮ ያገኘዋል። በፈረንሳይ አገር ቦስ በሚባለው አውራጃ ያሉ ገበሬዎች በጎቻቸው በየዓመቱ የሚያልቁባቸውን መስኮች «የተረገሙ መስኮች» ይሏቸው ነበር። መሬቱ ለምን እንደሚገድል ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1850 ራዬና ዳቬን የተባሉት የፈረንሳይ ሐኪሞች በዚሁ በሽታ የሞተ በግ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፥ እንደ በትር የቀጠኑ ጥቃቅን ነገሮች አዩ። ዳቬን በ1863 ወደ ጕዳዩ ተመልሶ፥ እነዚህ በትሮች ያሉበት ጥቂት ደም ለጤነኛ እንስሳ ሲሰጥ በሽታው እንደሚተላለፍ አሳየ። ይህም ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡበት። በደሙ ውስጥ የሚታዩት በትሮች በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጠፉ ከሆነ፥ ለዓመታት ከብት ያልረገጠው መስክ እንደ ገና የሚገድለው እንዴት ነው? ዳቬን ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም።

መልሱን የሰጠው ሮበርት ኮክ ነው። ኮክ በዚያን ጊዜ ቮልሽታይን በምትባል ትንሽ የፕሩስያ ከተማ የአውራጃ ሐኪም ነበረ። ባክቴሪያውን ከበሬ ዓይን በወሰደው ፈሳሽ ውስጥ አሳድጎ ሰዓት በሰዓት ተመለከተው። በትሮቹ ረዝመው እንደ ክር ሆኑ፤ ከዚያም በክሮቹ ውስጥ የሚያበሩ ጥቃቅን እንክብሎች ታዩ። እነዚህ ስፖር የሚባሉት ናቸው፤ ድርቀትን ተቋቁመው ከቆዩ በኋላ፥ ሲመቻቸው ተመልሰው በትር ይሆናሉ። ኮክ ይህን ግኝቱን ያሳተመው በ1876 ነው። የተረገመው መስክ ምሥጢርም በዚህ ተፈታ።

ከዚህ ግኝት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ባክቴሪያው ስፖር የሚያበጀው አየር ሲያገኝ ነው። ባልተከፈተ በድን ውስጥ አየር ስለሌለ፥ በድኑ ሲበሰብስ ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ቢላዋ የነካው ደም ግን መሬት ላይ ሲፈስ ስፖር ሆኖ ይቀራል። የስፖሩን ዕድሜ ለመረዳት ግሪናርድ የምትባለውን የስኮትላንድ ደሴት መጥቀስ ይበቃል። እንግሊዞች በ1942 በጦርነቱ ጊዜ አንትራክስን የሞከሩባት ይህች ደሴት ከአደጋ ነጻ ናት የተባለው፥ አፈርዋ በ1986 በፎርማሊን ከታጠበ በኋላ በ1990 ነበር።

ስለዚህ ከኮክ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሳይከፍቱ የሚያውቁበትን መንገድ ፈለጉ። በ1903 ማክፋድየን የተባለው የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪም፥ ጥቂት ደም በመስተዋት ላይ ቀብቶ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ቀለም ሲያቀልመው፥ ሰማያዊዎቹ በትሮች ሐምራዊ መሸፈኛ ለብሰው እንደሚታዩ ገለጸ። ለዚህ ምርመራ ከጆሮ የተወሰደ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። በ1911 ደግሞ ኢጣሊያዊው አስኮሊ ከቆዳና ከበሰበሰ ሥጋ እንኳ የበሽታውን ምልክት የሚያወጣ የሴረም ምርመራ አገኘ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፥ ፔኒሲሊን ይህን ባክቴሪያ ይገድላል። ችግሩ ጊዜ ነው፤ ብዙው ከብት መታመሙ ሳይታወቅ ይሞታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው አስቀድሞ መከተብ ነው። ፓስተር በ1881 ፑዪ ለ ፎር በሚባል ስፍራ 24 በጎች፥ 1 ፍየልና 6 ከብቶች ከትቦ፥ ካልተከተቡ 24 በጎች፥ 1 ፍየልና 4 ከብቶች ጋር በአንድነት ኃይለኛውን ባክቴሪያ ሰጣቸው። ጁን 2 ቀን ማታ ሲደርስ ያልተከተቡት በጎችና ፍየሏ ሁሉ ሞተዋል። ኋላም በ1930ዎቹ ዓመታት በደቡብ አፍሪካ ኦንደርስቴፖርት ማክስ ስተርን መሸፈኛ የሌለው፥ የማይገድል ዘር አገኘ። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ለከብት የሚሰጠው ክትባት ከዚህ ዘር የሚሠራ ነው። ሕያው ክትባት ስለ ሆነ ግን ከፔኒሲሊን ጋር በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋልና።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ገበሬ ምን ይላል? ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ስለዚህ እውቀቱም መሣሪያውም አልጠፋም። የሚያስቸግረው የበሬው ዋጋ ነው። የሚያርስበት በሬ የታመመበት ሰው በክት እንዳይሆንበት ፈጥኖ ቢላዋ ያነሣል፤ ሥጋውን ከጎረቤት ጋር በቅርጫ ይካፈላል፥ ቆዳውንም ይሸጣል። ከድኻ ሰው አንጻር ይህ ብልኅነት እንጂ ስንፍና አይደለም። ነገር ግን በሽታው አባ ሰንጋ የሆነ እንደ ሆነ፥ በዚያች ቢላዋ የአንድ በሬ ኪሣራ የመንደር ኪሣራ ይሆናል። ያረደው እጅ ላይ መካከሉ የጠቈረ ቍስል ይወጣል፥ የበላውም በሆድ ሕመም ሊሞት ይችላል፥ ደሙ የፈሰሰበት መሬትም የሚመጣውን ዓመት መንጋ ይጠብቃል።

ስለዚህ ገበሬውን «አትረድ፥ አትብላ» ብሎ መገሠጽ ብቻውን የሚበቃ አይመስለንም። ከጆሮ የተወሰደውን ጠብታ ደም የሚመረምር ሰው በአቅራቢያው ሊያገኝ ይገባዋል፤ ክትባቱም በሽታው ከሚነሣበት ወራት አስቀድሞ ሊደርስለት ያስፈልጋል። ድንገት የሞተውን ከብት ሳይከፍት አቃጥሎ ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ቀብሮ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፥ የጎረቤቶቹን በሬዎች ለማዳን ብሎ የራሱን ያጣ ሰው ነው። ይህን ኪሣራ ብቻውን እንዲሸከመው መተው፥ ቢላዋውን በእጁ እንደ ማስያዝ ይቈጠራል እንላለን።