ጨረቃን የሰየመው ቄስ

በጨረቃ ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ ሪቾሊ የሚባል ጥንታዊ ጉድጓድ አለ። ከሰማይ የመጣ አለት ወድቆ የቆፈረው ሲሆን ስፋቱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጠርዝ ላይ በመሆኑ ከምድር ሲያዩት ክብነቱ ጠፍቶ የጠበበ እንቁላል ይመስላል። እሱ ከተፈጠረ በኋላ ኦሪየንታሌ የተባለውን ሰፊ ተፋሰስ የፈጠረው ሌላ ግጭት ፍርስራሹን በትኖበታል። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ድንጋዩን ሳይሆን ስሙን ነው። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የመንገድና የትምህርት ቤት ስም ሲለወጥ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ጊዜው 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቴሌስኮፕ የጨረቃን ተራራና ሜዳ አሳይቷል፤ ስም ግን አልነበራቸውም።

በ1645 ለስፔን ንጉሥ የሚሠራው ሚካኤል ቫን ላንግሬን ካርታ አወጣ። ትልቁን ጥቁር ሜዳ ለንጉሡ ለፊሊፕ አራተኛ ሰጠ፤ ብዙውን ቦታም ለነገሥታትና ለመሳፍንት አደለ። ስሞቹን መለወጥ በንጉሥ ትእዛዝ የተከለከለ መሆኑንም ካርታው ላይ ጻፈ። ለራሱም አንድ ጉድጓድ አልነፈገም።

በ1647 የዳንዚጉ ዮሐንስ ሄቬሊዩስ ሌላ መንገድ መረጠ። የሰው ስም ብሰጥ ቅናትና ጠብ ይመጣል ብሎ ስለሰጋ የምድርን ተራሮችና ባሕሮች ስም ጨረቃ ላይ ገለበጠ።

በ1651 ደግሞ ቦሎኛ ላይ ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ «አዲሱ አልማጌስት» የተባለውን ግዙፍ መጽሐፉን አሳተመ። ኢየሱሳውያንን የእኛም ታሪክ ያውቃቸዋል፤ አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረጉት፣ አፄ ፋሲለደስም ያባረሯቸው የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው። የመጽሐፉን የጨረቃ ካርታ የሣለው ባልደረባው ፍራንቼስኮ ማሪያ ግሪማልዲ ነበር። ሪቾሊ «ባሕሮቹን» በአየር ጠባይና በመሳሰሉት፣ ጉድጓዶቹን ደግሞ በሊቃውንት ስም ጠራ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን ጋሊሊዮን ቤተ ክርስቲያን ከፈረደችበት ገና 18 ዓመቱ ነው። ሪቾሊ ራሱ በመጽሐፉ 126 መከራከሪያዎችን መዝኖ 49ኙ ለምድር መዞር፣ 77ቱ ደግሞ በተቃራኒው እንደሚቆሙ ጽፏል። ታዲያ የሐሳቡን አባት ኮፐርኒከስን ምን ያድርገው? ቢዘለው የሚጠይቀው አልነበረም። እሱ ግን ላንግሬን ለንጉሡ በሰጠው በዚያው ሜዳ፣ «የማዕበል ውቅያኖስ» ብሎ በሰየመው ስፍራ፣ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጎልቶ የሚታይ ጉድጓድ ሰጠው። ፕሮቴስታንቶቹን ኬፕለርንና ቲኮ ብራሄንም አልረሳም።

ፍጹም ፍትሐዊ ነበር አልልም። ለራሱና ለግሪማልዲ ጎን ለጎን ሰፋፊ ቦታ ወስዷል፤ ዛሬ የጋሊሊዮን ስም የያዘው ጉድጓድ ግን 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ውጤቱስ? የላንግሬን ነገሥታት በትእዛዝ ቢታጠሩም ከጨረቃ ጠፍተዋል፤ ራሱን የሰየመበት ጉድጓድ ግን አሁንም ስሙን ይዟል። ከሄቬሊዩስ ስሞች እንደ አልፕስና አፔናይን ያሉ ጥቂቶች ተርፈዋል። የሪቾሊ አሰያየም ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1935 ይፋዊ የስም ዝርዝር ሲያወጣ መሠረቱ ይኸው ነበር። አፖሎ 11 በ1969 ያረፈችበት «የጸጥታ ባሕር» ስሙን ያገኘው ከ318 ዓመት በፊት ከዚህ ቄስ ነው።

በእኔ እምነት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የላንግሬን ካርታ አንድን ቤተ መንግሥት አስደሰተ፤ ቤተ መንግሥቱ ሲደክም ካርታውም ደከመ። ሄቬሊዩስ ጠቡን ሸሸ። ሪቾሊ ግን ወዳጁንም ተቃዋሚውንም አንድ ካርታ ላይ ስለጻፈ፣ በእሱ ሐሳብ የማይስማማውም ሰው ካርታውን የራሱ አድርጎ ተጠቀመበት።

ለአደባባይና ለጎዳና ስም ለማውጣት የሚሰበሰቡ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። የራስን ሰው ብቻ የያዘ ዝርዝር ዕድሜው የባለሥልጣኑን ያህል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መጀመሪያ የሚፍቀው እሱን ነውና።