አሳታፊ የመንደር ዕቅድ፦ ከጀውሃ እስከ ጓሳ

አሳታፊ የመንደር ዕቅድ የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች የእርሻቸውን፣ የውሃቸውን፣ የግጦሻቸውንና የመንገዳቸውን የወደፊት አያያዝ መክረው የሚወስኑበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ መመሪያዎች ውስጥ ቦታ ካገኘ ቆይቷል። ማን ለስብሰባ ተጠራ፣ ማንስ እምቢ ማለት ቻለ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ሰንበቴ ሲኬድ፣ በአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ወደ አዋሽ ያመራል። ከተማዋ ያለችበት የይፋት ቆላ ሞቃት ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ተስፋው መስኖ ነው፤ መስኖ ደግሞ ያለ ስምምነት አይሆንም። በሰሜን ሸዋና በሌሎች የአማራ አካባቢዎች ገበሬዎች «የውሃ አባት» ይመርጣሉ። እሱም ተራ ያወጣል፣ ለቦይ ጠረጋ ሰው ይጠራል፣ ተራ የሰረቀውን ይዳኛል። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጥ አዲስ ነገር አልፈጠረም ማለት ይቻላል።

ከቆላው በላይ፣ በመንዝ ደጋ፣ የጓሳ ሣር ምድር አለ። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የርስት ባለመብቶቹ ቄሮ በሚባል ነባር ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና አጨዳና ግጦሽ የሚፈቀደው ሁሉም ባወቀው ጊዜ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስት መብቱን ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ በመተዳደሪያ ደንብ የሚመራ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርገው መልሰው አቋቋሙት። አዋጁ በመሬት የመጠቀም መብትን ለአራሹ በመስጠቱ ብዙ ጭሰኛ ነጻ ወጥቷል፤ የጓሳ ጉዳት የዚያው ድል ሌላ ገጽታ ነው።

በዚሁ አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር መነሻ ተደራጁ። ማኅበራቱ የገበሬው አንደበት ይሆናሉ ተብለው ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ ትእዛዝ ማውረጃ ሆኑ።

ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በሰፊው የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ነዋሪ የሌለበት ዕቅድ ምን እንደሚመስል አሳይቷል። ተበታትኖ የኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በገመድ በተለካ መስመር እንዲሠራ ታዘዘ፤ እርሻው ራቀ፣ ከብቱ ተጨናነቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደተሰባሰበ ይገመታል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎች ጣሪያቸውን ነቅለው ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመለሱ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ መጠይቅ አልተገኘም።

በ1997 ዓ.ም. የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ በሌላ መንገድ ተነሣ። ነዋሪዎች ሴቶችና ወጣቶች ያሉበት የዕቅድ ቡድን ይመርጣሉ። ቡድኑ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር አካባቢውን ዞሮ ያያል፣ ካርታ ይሠራል፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ዕቅዱ የሚጸናው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ በአብዛኛው ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚደርስ በመሆኑ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። በዚያው ዓመት የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለእርከንና ለኩሬ ሥራ የሚከፍለው በዚህ ዓይነት ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ይሁንና ከላይ የወረደ የእርከን ኮታ ሲኖር ጉባኤው ከመምከር ይልቅ ማጽደቅ ይቀናዋል።

በይፋት ቆላ ላይ ሌላም ችግር አለ። ሰሜን ሸዋና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እዚህ ይዋሰናሉ፤ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር በገበያና በግጦሽ ይገናኛሉ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ከተማና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በቀበሌ ደረጃ የሚወጣ ዕቅድ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚመጣውን አርብቶ አደር አይጠራም፤ ከወንዙ በታች ያለው ተጠቃሚም የሌላ ወረዳ ሰው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ የሚያስቀምጠው እስካሁን ከዕቅድ ጉባኤው ይልቅ የሽማግሌዎች እርቅ ነው፤ እሱም የሚጠራው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።