ቅዱስ ባስልዮስና የረኃብ ዘመን

ሰው እግዚአብሔርን እንደምን አድርጎ እንደሚያስብ ለማወቅ የሚወድ ሁሉ፥ ጸሎቱን ብቻ ሳይሆን በደጁ ለቆመው ድኻ የሚያደርገውንም ይመልከት። እግዚአብሔርን ቍጡ ዳኛ ብቻ አድርጎ የሚያስብ፥ የተቸገረውን ባየ ጊዜ «የኃጢአቱ ዋጋ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል፤ አባት እንደ ሆነ የሚያምን ግን የተራበው ወንድሙ ነውና ሊያልፈው አይቻለውም። ይህንም ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ በአንድ ምሳሌ እናስረዳለን።

ቅዱስ ባስልዮስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ፥ በቂሳርያ ከተማ፥ ከባለጸጎች ወገን ተወለደ። በአቴና ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋራ ከተማረ በኋላ ተጠምቆ፥ ከገንዘቡም ብዙውን ለድኾች ሰጥቶ መነነ። ለመነኰሳት በጻፈው ሥርዓትም፥ ብቻውን የሚኖር ሰው እግሩን የሚያጥብለት ወንድም ስለሌለው የጌታን ትሕትና በሥራ ሊፈጽም እንደማይችል አስተማረ።

በ369 ዓ.ም. ገደማ፥ ገና ቄስ ሳለ፥ በዚያ አገር ዝናም ጠፍቶ ረኃብ ጸና። ቂሳርያ ከባሕር የራቀች ስለ ሆነች እህል ከሌላ አገር ማምጣት ጭንቅ ነበረ። ባለጸጎችም ጐተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪወደድ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ በስብከቱ፥ ድርቁ የእግዚአብሔር ተግሣጽ መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን ተግሣጹ የመጣው ተቀብለን ስላልሰጠን ነው አለ። እንግዲህ ባለጸጋ የአምላኩ መጋቢ እንጂ ባለቤት ካልሆነ፥ ንስሐው ጐተራውን መክፈት ነው። ጎርጎርዮስ እንደ መሰከረለት፥ ጐተራዎቹን በቃሉ አስከፈተ፤ የተራቡትንም ሰብስቦ በታላላቅ ድስት ወጥ አሠርቶ፥ ከአገልጋዮቹ ጋራ እግራቸውን እያጠበ መገባቸው።

በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላም ከከተማው ውጭ የእንግዶች ማረፊያና የሕሙማን መታከሚያ አቆመ። ሰው ሁሉ ያባረራቸውን ለምጻሞች በዚያ ተቀብሎ ይስማቸው ነበር። በዚያው ወራት ከአርዮሳውያን ጋራ ስለ ሥላሴ ክብር ይከራከር፥ የመንፈስ ቅዱስንም አምላክነት ያስተምር ነበር፤ ሃይማኖቱና ምጽዋቱም ሁለት ሥራ አልነበሩም።

ይህን ነገር ጠላትም አይቶታል። ከ361 እስከ 363 ዓ.ም. የነገሠው ከሃዲው ዑልያኖስ፥ በስሙ በቀረው ደብዳቤ፥ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ብሎ አፈረ። ስለዚህም ለገላትያ አገር በየዓመቱ 30,000 መስፈሪያ ስንዴ እንዲሰጥ፥ ከአምስት እጅ አንዱ ካህናቱን ለሚያገለግሉ ድኾች፥ የቀረውም ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲሆን አዘዘ።

ነገር ግን ይህን ሰምተን አንመካ። በቂሳርያ ጐተራቸውን የዘጉት ሰዎች፥ ስብከቱ በቤተ ክርስቲያን የተነገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩና። ባስልዮስን ከእነርሱ የለየው፥ በአፍ የመሰከረውን አምላክ በተራበው ሰው ፊት ማሰቡ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀድስባቸው 14 ቅዳሴያት አንዱ በዚህ አባት ስም ይጠራል። ዛሬ የምናከብረው ኢዮቤልዩም በሕገ ኦሪት፥ ምድር የእግዚአብሔር ስለ ሆነች፥ ድኻው የሸጠው ርስት የሚመለስበት፥ ባሪያውም አርነት የሚወጣበት ዓመት ነበር። እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ አባቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዓሉ በዝማሬ ብቻ አይለፍ፤ ከቅዳሴ ስንወጣ በደጀ ሰላም የተቀመጠውን የኔ ቢጤ እንየው።